ፐርሴፖሊስን ሳትሮጡ ለማየት፦ ከሺራዝ ተነስቶ የጥንቷን ፋርስ መጎብኘት

ኢራን ሄጄ ነበር ስል ሰው መጀመሪያ የሚለኝ "አልፈራሽም?" ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ "ኧረ እዚያ ምን አለና?"። ምን አለ መሰላችሁ፣ ከሺራዝ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፐርሴፖሊስ የሚባል የፈረሰ ቤተመንግሥት አለ፣ ያገሬው ሰው ታኽተ ጀምሺድ ይለዋል። የአንዱ አዳራሽ ደረጃ ላይ ለፋርስ ንጉሥ ስጦታ ይዘው የተሰለፉ የ23 ሕዝቦች መልእክተኞች ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል፣ የልብሳቸው እጥፋት ሳይቀር እስከ ዛሬ ይታያል። የሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ጥጉ ላይ ማለት ነው፣ ሦስት ጸጉራቸው ከርደድ ያለ ሰዎች አሉ። አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ይዟል፣ ሌላው የዝሆን ጥርስ ትከሻው ላይ አድርጎ አንድ እንስሳ ይጎትታል። አስጎብኚዎቹ ኢትዮጵያውያን ይሏቸዋል።

እኔ መጀመሪያ ቀን ሄጄ እነዚህን ሰዎች ሳላያቸው ነው የተመለስኩት። የያዝነው መኪና ሦስት ቦታ በአንድ ቀን ሊያሳየን ተስማምቶ ፐርሴፖሊስ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሰጠን፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሁሉም ሴልፊ እያነሳ ይሮጣል፣ እኔም አብሬ ሮጥኩ። ማታ ሆቴል ገብቼ ፎቶዎቼን ሳይ ነው ያለፈኝ የገባኝ፣ ስለዚህ በማግስቱ ኮንትራት ታክሲ ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ። እናንተ ሁለቴ እንዳትከፍሉ ነው ይሄን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት፦ አሁን መሄድ ይቻላል ወይ?

እኔ የሄድኩት ከጦርነቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ከእስራኤል ጋር ለ12 ቀን በነበረው ጦርነት የአየር ክልሉ ተዘግቶ መንገደኛ የትም ቀርቶ ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ፓስፖርታችሁን የሰጣችሁ አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚል አንብቡ፣ በረራው እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ፣ ኢንሹራንሳችሁ ኢራንን የሚሸፍን መሆኑንም በጽሑፍ ጠይቁ ምክንያቱም ብዙዎቹ አይሸፍኑም። "አትሂዱ" የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ አትሂዱ፣ 2,500 ዓመት የቆመ ድንጋይ ትንሽ ይጠብቃችኋል። እስከዚያው ደግሞ መጨረሻው ላይ ወደጻፍኩት የሙዚየም ነገር ዝለሉ።

ወረቀት

የቪዛ ጉዳይ እንደ ፓስፖርታችሁ ነው። ኢንተርኔት ላይ ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ ሲፈቀድ ከመረጣችሁት ኤምባሲ (አዲስ አበባም አላቸው) ወይም ለተፈቀደለት ሰው ኤርፖርት ላይ ትወስዳላችሁ። ፎርሙ ላይ የምትሄዱበትን ከተማ ስትሞሉ ሺራዝን አትርሱ። ቪዛው በተለየ ወረቀት ነው የሚሰጠው፣ ፓስፖርቱ ላይ አይለጠፍም፣ ይሄ ግን "ማንም አያውቅም" ማለት እንዳይመስላችሁ።

ለምን መሰላችሁ፣ አውሮፓ ላላችሁና የአውሮፓ ፓስፖርት ለያዛችሁ፦ ከመጋቢት 2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኢራን የሄደ ሰው አሜሪካ ያለ ቪዛ፣ ኢስታ በሚባለው የኢንተርኔት ፈቃድ ብቻ መግባት አይችልም፣ ኤምባሲ ሄዶ መደበኛ ቪዛ መጠየቅ አለበት። ዘመድ ሊጠይቅ በየዓመቱ ዲሲ የሚመላለስ ሰው ይሄን አስቀድሞ ይወቀው። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ ብቻውን መዞር አይፈቀድለትም፣ በአስጎብኚ ድርጅት ፕሮግራም ነው የሚሄደው። የእስራኤል ፓስፖርት ላይ ኢራን አታስገባም፣ በእስራኤል ሕግም የተከለከለ ነው፣ እስራኤልን የጎበኘ መሆኑ የታወቀ ሌላ ዜጋም ይመለሳል። ጾመ አስቴርን ስትጾሙ የኖራችሁ ቤተ እስራኤሎች የአስቴርን ከተማ ሱሳን ማየት አለመቻላችሁ እውነት ለመናገር ያሳዝነኛል።

ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ያለን ሰዎች ቅርብ ነን፣ ከዱባይ ሺራዝ ባሕሩን ተሻግሮ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ቀን እዩ፣ ሳውዲ ያላችሁ ደግሞ የመውጫና መመለሻ ቪዛ ሳታወጡ እግራችሁን እንዳታነሱ።

መቼ

ሚያዝያ ወይም ጥቅምት፣ በቃ። የነሱ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው) ሺራዝ ላይ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፣ ፐርሴፖሊስ ላይ ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ኖውሩዝ የሚሉት አዲስ ዓመታቸው በኛ መጋቢት 12 ገደማ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት 13 ቀናት አገር ምድሩ ለጉብኝት ይወጣል፣ ሆቴል አይገኝም፣ አውቶብስ አይገኝም፣ ስለዚህ ወይ ቀድማችሁ ወይ እሱ ሲያልቅ ሂዱ። ዓርብ የእረፍት ቀናቸው ስለሆነ ቦታው በቤተሰብ ይሞላል፣ እኔ በሥራ ቀን ጠዋት ነው የምመክረው። (የራሳቸው ካላንደር ስላላቸው ሰው ቀን ሲጠይቃችሁ ግር ይላል። እኛም የራሳችን እንዳለን፣ 13 ወር እንደሆነ ለሆቴሉ ልጅ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ በመጨረሻ "የናንተ ይብሳል" አለኝ።)

ገንዘብ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቪዛም ማስተርካርድም አይሠራም፣ ኤቲኤም የለም በሉት፣ ለሙሉ ጉዞው የሚበቃችሁን ጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ ያልተቀደደ ያልተጻፈበት ኖት። ያንን እዚያው ታስመነዝራላችሁ። ኤርፖርት ላይ ለታክሲና ለምሳ ብቻ መንዝሩ፣ ቀሪውን ከተማ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሱቅ። መንገድ ላይ ቆሞ "ዶላር ዶላር" ለሚላችሁ ሰው አትስጡ።

ቀጥሎ ሪያልና ቶማን። ኖቱ ላይ የተጻፈው ሪያል ነው፣ ሰው የሚያወራው ግን በቶማን ነው፣ አንድ ቶማን 10 ሪያል። ስለዚህ ዋጋ ሲነገራችሁ "ሪያል ነው ቶማን?" ብላችሁ መጠየቅ ልማድ ይሁንባችሁ፣ አለዚያ ወይ አሥር እጥፍ ትከፍላላችሁ ወይ የአሥር እጥፍ ቅናሽ ያገኛችሁ መስሏችሁ ትደሰታላችሁ። የቅርስ ቦታ መግቢያ ለውጭ ሰው የተለየ ዋጋ አለው፣ ለያንዳንዱ ቦታ ለብቻው ትከፍላላችሁ፣ ፐርሴፖሊስ ውስጥ ያለችው ሙዚየምም ሌላ ቲኬት ናት።

ልብስና ስልክ

ሴቶች ጸጉር መሸፈን በሕግ ግዴታ ነው። ከተማ ውስጥ የማይሸፍኑ ታያላችሁ፣ እናንተ ግን እንግዳ ናችሁና አትሞክሩት። እኔ ነጠላዬን ነው የወሰድኩት፣ ቀላል ነው፣ ለፀሐዩም ይሆናል፣ ሴቶቹ ደግሞ ጥለቱን እየነኩ ከየት ነው እያሉ ወዳጅ ሲያደርጉኝ ዋሉ። ረዘም ያለ ሰፊ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ያው በቂ ነው። ወንዶች ቁምጣ ተዉ። ጫማ የምታምኑት ይሁን፣ ድንጋዩ በብዙ እግር ተወልውሎ ያዳልጣል።

ስልክ ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ የታገዱ ናቸው፣ ሰው ሁሉ በቪፒኤን ነው የሚኖረው። ስለዚህ የቤታችሁ ሰዎች በድምጽ ጥሪ እንዲያገኟችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ አለዚያ እናት አዲስ አበባ ሆና "ልጄ ጠፋች" ብላ ሰፈሩን ታሸብራለች፣ የኔዋ አድርጋዋለች። ታክሲ ለመጥራት ስናፕ የሚባል አፕ አላቸው፣ እንደኛ ራይድ ማለት ነው። የቦታውን ካርታና ስለ ቦታው የምታነቡትን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ፖሊስ፣ ወታደር፣ ኤርፖርት፣ የመንግሥት ሕንፃ ፎቶ አታንሱ፣ ድሮን ጨርሶ አታስቡት። ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 115።

ቅደም ተከተሉ

ድርጅቶቹ ፐርሴፖሊስን ቀድመው ነው የሚያሳዩት ምክንያቱም ቅርብ ነው። እኔ ግን በታሪኩ ተራ ሂዱ እላለሁ፣ ማለት በነገሥታቱ ተራ፣ ቂሮስ፣ ዳርዮስ፣ ከዚያ የዳርዮስ ልጅ ጠረክሲስ። ሁለት ቀን ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት በሌሊት ተነስታችሁ ሩቁን ፓሳርጋዴን፣ ስትመለሱ ናቅሽ ሩስታምን፣ ማታ እዚያው አጠገብ ማርቭዳሽት የምትባል ከተማ ወይም ፐርሴፖሊስ አካባቢ ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች አንዱ ጋ ማደር፣ በማግስቱ በር ሲከፈት ፐርሴፖሊስ። ሹፌር ስትዋዋሉ በቦታ ሳይሆን በቀን ተዋዋሉ፣ "እስከዚህ ሰዓት ድረስ ያንተ ነን" በሉት፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቶማን የሚለውን ጨምራችሁ። እኔን ያስቸኮለኝ ሰውዬ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የተስማማነው እንደዚያ ስለነበር ነው።

ፓሳርጋዴ ላይ የቂሮስ መቃብር አለ። ስድስት ደረጃ ያለው የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ ጣሪያው እንደ ቤት ክዳን ሾጠጥ ያለች አንዲት ክፍል፣ ቁመቱ ሁሉ ተደምሮ 11 ሜትር ገደማ። ባቢሎንን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 የያዘ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አይሁድን ወደ አገራቸው እንዲመለሱ የፈቀደ ንጉሥ ይሄ ነው፣ መቃብሩ ግን ሜዳ መሃል ብቻውን ቆሞ ምንም አይልም። እኔን የገረመኝ ያገሬው ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት የሰለሞን እናት መቃብር እያለ ይጠራው የነበረ መሆኑ ነው። ማን እንደተቀበረበት ተረስቶ ትልቅ ነገር ሲታይ የሰለሞን ነው ማለት፣ ይሄ ነገር እኛን በደንብ ይገባናል። ስሙ ሳያድነውም አልቀረም፣ የነቢይ እናት መቃብር ማን ያፈርሳል። ቦታው የተበታተነ ስለሆነ መቃብሩን አይታችሁ አትመለሱ፣ ራቅ ብሎ አራት ክንፍ ያለው ሰው የተቀረጸበት የበር ድንጋይ አለ፣ ራሱ ላይ ያለው ዘውድ የግብፅ ዓይነት ነው፣ እሱን ሳታዩ አትውጡ።

ናቅሽ ሩስታም ከፐርሴፖሊስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ገደል ነው፣ ገደሉ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉ አራት የነገሥታት መቃብሮች አሉ። የዳርዮስ መሆኑ በጽሑፍ የታወቀው አንዱ ነው፣ ሦስቱን የጠረክሲስ፣ የቀዳማዊ አርጤክስስና የዳግማዊ ዳርዮስ ናቸው ይላሉ። ከፍ ያለ ስለሆነ ባይኖኩላር ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁ በስልክ ዙም። ዳርዮስ መቃብሩ ላይ የገዛቸውን አገሮች ሲዘረዝር ኩሽን ይጠራል፣ ዙፋኑን ከተሸከሙት ሕዝቦችም አንዱ "ይህ ኩሻዊ ነው" ተብሎ ተጽፎበታል። እዚህ ጋ ዓይናችሁን አሙቁ፣ ነገ ለሚመጣው ልምምድ ነው።

ከመቃብሮቹ በታች ያሉት ትልልቅ ቅርጾች ከሌላ ዘመን ናቸው፣ ሳሳኒያን የሚባሉት ነገሥታት ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ መጥተው የጥንቶቹ እግር ሥር ራሳቸውን ያስቀረጹት ነው። ፈረስ ላይ ያለው ቀዳማዊ ሻፑር ነው፣ በ260 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የማረከውን የሮም ንጉሥ ቫለሪያንን እያሳየ። እነዚህ ሳሳኒያን እኛንም ያውቁናል፣ የመን ላይ አፄ ካሌብ በ525 ገደማ የያዙትን አገር በ570ዎቹ አካባቢ ነጥቀው የአክሱምን እጅ ከዚያ ያስወጡት እነሱ ናቸው። እዚያ ቆሜ አስጎብኚው ስለ ሮም ሲያወራ እኔ በሆዴ የካሌብን ቂም እቆጥር ነበር።

ፐርሴፖሊስ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ

አንድ። ሳትገቡ በፊት ከመግቢያው አጠገብ ባለው ዛፍ መሃል የብረት አጽም ታያላችሁ፣ የድንኳን ፍሬም ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 ሻሁ የፋርስ መንግሥት 2,500ኛ ዓመት ብሎ የዓለምን መሪዎች የጋበዘበት የድንኳን ከተማ ቅሪት ነው። ከክብር እንግዶቹ አንዱ ጃንሆይ ነበሩ። ከዚያ ድግስ ሦስት ዓመት ሳይሞላ እሳቸው ወረዱ፣ ሻሁ ደግሞ በ1979። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ እዚያ አምስት ደቂቃ ቆምኩ።

ሁለት። ደረጃው 111 ነው ግን አጫጭር ስለሆነ አያደክምም። ከላይ ጠረክሲስ ያሠራው የአሕዛብ ሁሉ በር አለ፣ ሁለት ግዙፍ በሬዎች ወደ ውጭ፣ የሰው ፊት ያላቸው ክንፋም በሬዎች ወደ ውስጥ ያያሉ። ጎኑ ላይ ወደ ላይ ስታዩ የአውሮፓ መንገደኞች ስማቸውን የቦረቦሩበት አለ። አንዱ "ስታንሊ፣ ኒው ዮርክ ሄራልድ፣ 1870" ይላል። ስታንሊን ታውቁታላችሁ፣ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ ድረስ መጥቶ የአፄ ቴዎድሮስን መጨረሻ ለዚያው ጋዜጣ የዘገበው ጋዜጠኛ ነው። ከመቅደላ ሁለት ዓመት ቆይቶ እዚህ ስሙን ሲጽፍ ተገኘ፣ ሰውዬው የሰው አገር ቅርስ ይወዳል መቼም።

ሦስት። ወደ አፓዳና አዳራሽ ቀጥሉ ግን ወደ ዓምዶቹ አትሩጡ። ከ72 ዓምድ 13 ነው የቆመው፣ 20 ሜትር ገደማ ናቸው፣ የትም አይሄዱም። ቀጥታ ወደ ምሥራቁ ደረጃ ሂዱ፣ ከላዩ መከላከያ ጣሪያ የተሠራለት ነው። ይሄኛው ለብዙ ዘመን አፈር ውስጥ ተቀብሮ በ1930ዎቹ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቁፋሮ ስላወጣው ነው እንደ አዲስ የሚታየው፣ የሰሜኑ ደረጃ ግን ሲበላ የኖረ ነው።

አራት። ሰልፉን ከመጀመሪያው ጀምሩ። በየቡድኑ መሃል የዛፍ ቅርጽ አለ፣ እሱ ነው የሚለያቸው። እያንዳንዱን ቡድን አንድ አስተናጋጅ የመጀመሪያውን ሰው እጁን ይዞ ይመራዋል፣ እንግዳ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ማስገባት እንጂ ምርኮኛ መጎተት አይመስልም። ሜዶን፣ ኤላማውያን አንበሳ ከነግልገሎቿ ይዘው፣ ባቢሎን፣ ባክትሪያ ባለ ሁለት ሻኛ ግመል፣ ሕንድ፣ ዓረብ፣ ሊቢያ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ደረጃው እያዘቀዘቀ ቦታው ሲጠብ፣ መጨረሻው ላይ፣ ሦስቱ ሰዎች። እንስሳውን አንዳንዱ ምሁር ኦካፒ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ቀጭኔ፣ እኔ ኦካፒ አይቼ ስለማላውቅ ቀጭኔ ነው ብዬ ወስኛለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የዳርዮስ መቃብር ጽሑፍ ላይ ያለው "ኩሽ" ነው፣ ያኔ ኩሽ ማለት ከግብፅ ደቡብ ያለው አገር፣ በአብዛኛው ዛሬ ሱዳን ያለበት ነው። ግሪኮች ያንን አካባቢ ኢትዮጵያ ስላሉት ነው አስጎብኚው ኢትዮጵያ የሚላችሁ፣ በመጽሐፈ አስቴር መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገር ገዛ የሚለውም በዕብራይስጡ ኩሽ ነው። ስለዚህ "አክሱም ነው፣ የኛ ነው" ብላችሁ ከሰው አትከራከሩ። ግን ደግሞ ሄሮዶቱስ እነዚሁ ሰዎች በሁለት ዓመት አንዴ ወርቅ፣ 200 የዞጲ ግንድ፣ አምስት ልጆችና 20 ትልልቅ የዝሆን ጥርስ ለፋርስ ይሰጡ ነበር ይላል፣ ዳርዮስም ሱሳ ላይ ቤተመንግሥት ሲሠራ የዝሆን ጥርሱ ከሌሎች አገሮች ጋር ከኩሽም እንደመጣ አስጽፏል፣ ከዚያ ያንን ጥርስ የተሸከመውን ሰውዬ ስታዩት ከየትም ይሁን ከየት፣ ምን ያህል መንገድ እንደመጣ ታስባላችሁ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሽማግሌ ሴትዮ በእጃቸው እኔን እያሳዩ ከዚያ ድንጋዩን እያሳዩ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ አብረን ፎቶ ተነሳን።

አምስት። ቀሪውን እንደልባችሁ። አንበሳ በሬ ሲነክስ የሚያሳየው ቅርጽ በየቦታው አለ። የዳርዮስ ትንሽዋ ቤተመንግሥት ታቻራ ድንጋይዋ ተወልውሎ እንደ መስታወት ያበራል። መቶ ዓምድ አዳራሽ ከድንጋይ በሮቹና ከዓምዶቹ መሠረት በቀር ዛሬ ሜዳ ነው። ግምጃ ቤቱ ጋ ደግሞ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 ይዞት ሳለ የተቃጠለ መሆኑን አስቡ። እሳቱ እንጨቱን በላ፣ የሸክላ ጽሑፎች ግን ተረፉ። በ1933 በምሽጉ ግንብ ውስጥ ከተገኙት በሺህ የሚቆጠሩ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ ለሠራተኛው የተሰጠ እህል፣ ወይንና ጠላ መሳይ መጠጥ ተመዝግቧል፣ አራስ እናቶች ተጨማሪ ቀለብ ነበራቸው። እኔ ከዓምዱ ሁሉ ይሄ ነው የበለጠብኝ።

ስድስት። ጉልበት ካላችሁ ከጀርባ ያለው ተራራ ላይ ሁለት መቃብሮች አሉ፣ እዚያ ወጥታችሁ ቁልቁል እዩ፣ አሁን ነው ፕላኑ የሚገባው። ውሃ ከታች ገዝታችሁ ያዙ፣ ቢያንስ ሁለት ሊትር።

ስለ ሰዉ፣ ስለ ምግቡ

ታሮፍ የሚባል ወግ አላቸው። ታክሲ ሹፌር ሒሳብ ስትጠይቁት "ቃቤሊ ናዳሬ" ይላል፣ ዋጋ የለውም እንደማለት ነው። እውነት መስሏችሁ አመስግናችሁ እንዳትወርዱ! ሁለቴ ሦስቴ ለምናችሁ ትከፍላላችሁ። "ኧረ በሞቴ"፣ "ኧረ አይሆንም" እየተባባለ ላደገ ሰው ይሄ ቋንቋ አያስቸግርም፣ ፈረንጅ ነው የሚቸገረው። ቤት ሲጋብዟችሁም እንደዚያው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲሉ ነው እውነቱ።

ሥጋ ለሚበላ ኩቢደህ የሚሉት የተፈጨ ሥጋ ጥብስ በሩዝ የትም አለ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ጠዋት ጠዋት አደሲ የሚባል የምስር ወጥ ትፈልጋላችሁ፣ በርበሬ የለውም እንጂ ምስራችን ነው፣ ከሳንጋክ ጋር፣ ሳንጋክ ማለት በጋለ ጠጠር ላይ የሚጋገር ረዥም ዳቦ ነው። ቅቤ እንዳይጨምሩ ንገሯቸው። ሚጥሚጣ ከቤት ያዙ፣ ምክሬ ነው። አልኮል ክልክል ነው።

ቀን ከተረፋችሁ

ከሺራዝ በአውቶብስ፣ ቪአይፒ የሚሉት ሰፊ ወንበር ያለው አለ፣ ያዝድ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የንፋስ ማማዎችና የዞራስትራውያን የእሳት ቤት ለማየት። ኢስፋሃን ከሄዳችሁ አደባባዩ ራሱ በቂ ነው፣ ግን ጁልፋ ሰፈር ያለውን የአርመኖች ቫንክ ካቴድራል አትለፉ፣ አርመኖች እንደኛ ኦርየንታል ኦርቶዶክስ እኅት ቤተክርስቲያን ናቸው፣ ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ስገባ ዘበኛው ገባው።

አስቴርን ፈልጋችሁ ከሆነ የሄዳችሁት ሱሳ ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ሺራዝ ጋ አይቀጣጠልም፣ ለብቻው ጉዞ ነው። የነቢዩ ዳንኤል ነው የሚባለው መቃብር ሾጣጣ ነጭ ጣሪያ ያለው እዚያ ነው፣ ቾጋ ዛንቢል የሚባለው የኤላማውያን የግንብ ተራራም ከዚያ ሩቅ አይደለም። በበጋ ግን ጨርሶ አይሞከርም፣ እሳት ነው። የአስቴርና የመርዶክዮስ መቃብር የሚባለው ደግሞ ሐማዳን ነው ያለው።

ሲመለሱ ሳፍሮን ግዙ። "ጥንታዊ ነው" ተብሎ የሚሸጥ ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ አትግዙ፣ እውነተኛ ከሆነ ወንጀል ነው፣ ውሸት ከሆነ ተበላችሁ። አሜሪካ ለሚኖር ደግሞ ምንጣፍ ማዕቀብ አለበት፣ ኤርፖርት ላይ እንዳትለያዩ።

መሄድ ለማትችሉ

ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 52 የቂሮስ ሲሊንደር፣ ማለት ቂሮስ ባቢሎንን ከያዘ በኋላ ያስጻፈው የሸክላ ጽሑፍ አለ፣ መግቢያ ነፃ ነው (የኛ ታቦታት ያሉበት ያው ሕንፃ ነው፣ እነሱን ግን አያሳዩም)። ቺካጎ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲው የጥንት ቅርስ ሙዚየም ከፐርሴፖሊስ የመጣ ግዙፍ የበሬ ራስ አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ፓሪስ ሉቭር ነው፣ ከሱሳ የዳርዮስ ቤተመንግሥት የመጣው ባለ በሬ የዓምድ ራስና የቀስተኞቹ ግድግዳ እዚያ ነው፣ ግድግዳው በባለቀለም ጡብ የተሠራ ነው፣ ከቀስተኞቹ አንዳንዶቹ ፊታቸው ጠይም ነው። ማክሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አይታችሁ ሂዱ።